አዲሱ አውሮፕላን ደገሀቡር የወረደ ዕለት

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር መባቻ፣ የካራማራ ተራራ ደመና ተከናንቦ ሰነበተ። ሶማሌዎች ደይር የሚሉት ዝናብ በዚያ ዓመት ከልክ አልፎ ነበርና፣ የጀረር ወንዝ ከአፋፉ ወጥቶ የደገሀቡርን መንገድ ቆረጠው፤ ከጅግጅጋ የተነሡ የጭነት መኪኖችም ቀብሪበያን እንዳለፉ በጭቃ ተይዘው ቀሩ። በደገሀቡር የጎርፍ ውሃ የጠጡ ሕፃናትና አዛውንት በተቅማጥ እየወደቁ መሆናቸው፣ በጤና ጣቢያውም ያለው ግሉኮስ ሊያልቅ መቃረቡ ተሰማ።

ሻምበል ራጉኤል ተክለማርያም ይህን ወሬ እንደ ሌላው መኮንን አልሰማውም፤ ባለቤቱ ሲስተር አገሬ የዚያው ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረችና። አያቱ በወታደርነት መጥተው ጅግጅጋ የቀሩ፣ እርሱም እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜውን በአየር ኃይሉ አሮጌ የማጓጓዣ አውሮፕላኖች ላይ መንገድ መሪ ሆኖ የጨረሰ ሰው ነው። ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ነፋሱን አስልቶ፣ አብራሪውን ቀኝ ያዝ፣ ግራ ያዝ እያለ ማድረስ ነበር ሥራው።

በዚያ ጠዋትም ግሉኮሱን ጭኖ ከቢሾፍቱ ጅግጅጋ ያረፈው አሮጌ አንቶኖቭ ላይ እርሱ ነበረ። ለነዳጅ አረፉ፤ ከዚያ ወዲያ የግራው ሞተር አልነሣ አለ። ይሁን የተባለው መካኒክ ከመሰላሉ ወርዶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ጌታዬ፣ ዘይቱ እንደ ምንጭ ነው የሚወርደው። መለዋወጫውን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ከወደቀ ሌላ አውሮፕላን ፈትተን ካላመጣን በቀር ዛሬ አይነሣም» አለ።

ራጉኤል የአገሬን ስልክ ሞከረ፤ አልሠራም። ወዲያው ኮሎኔል ቀለመወርቅ፣ የማጓጓዣ ክፍሉ አዛዥ፣ ከቢሾፍቱ ደወሉ።

«ራጉኤል፣ አዲሱን ልኬልሃለሁ። ጭነቱን ሜዳው ላይ አዘጋጅተህ ጠብቅ» አሉት።

አዲሱ። ራጉኤል ቃሉን ሲሰማ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ዘመናቸው ያለፈባቸው አውሮፕላኖች በአዲስ ይተኩ ወይስ ይታደሱ ተብሎ ሲመከር፣ በስብሰባው ተነሥቶ አጥብቆ የተከራከረ እርሱ ነበር፤ አሮጌዎቹ ታድሰው ገና ብዙ ያገለግላሉ ብሎ። በአዲሱ አውሮፕላን ላይ የመንገድ መሪ ወንበር የለም፤ ያን ሥራ መሣሪያው ይሠራዋል። ለምን እንደተከራከረ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግን አላነሣበትም።

አዲስ አውሮፕላን ይመጣል የሚለው ወሬ ከተማውን ለማዳረስ አፍታም አልፈጀ፤ ሕዝቡ በባጃጅና በእግሩ እየጎረፈ በአጥሩ ዙሪያ ተኮለኮለ። ደመናው ሥር ግራጫ አውሮፕላን ብቅ አለ፤ ዝቅ ብሎ መጣና ሜዳውን ነክቶ፣ የማኮብኮቢያውን እኩሌታ ሳይጨርስ ቆሞ ዞረ። ከአጥሩ ወዲያ እልልታና ፉጨት ተነሣ። የኋላ በሩ እንደ ድልድይ ወደ መሬት ሲወርድ፣ የጫኞቹ አለቃ አቶ ፋራህ ሰዎቻቸውን ይዘው ገቡ፤ ካርቶኑም ከእጅ እጅ እየተላለፈ ወደ ሆዱ ጎረፈ።

አብራሪዋ ሻለቃ ፈርሂያ ከደረጃው ወረደች። የቀብሪበያ ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ የሚያውቋት ፋራህ ባዩዋት ጊዜ ካርቶናቸውን እንደ ታቀፉ ቆሙ።

«ይህን የምታበሪው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ አደር ፋራህ» አለች፤ በአክብሮት አጎቴ ማለቷ ነው። ወደ ራጉኤልም ዞራ ሰላምታውን ከተቀበለች በኋላ፣ «ሻምበል፣ ባለቤትዎ እዚያ መሆናቸውን ኮሎኔሉ ነግረውኛል። ከኋላችን አንድ ታጣፊ ወንበር አለ፤ ይምጡ» አለችው።

«እኔ ምን እሠራለሁ፣ ሻለቃ?»

«ጭነት የሚያወርድ ሰው ያንሰናል።»

ተነሡ። ካራማራን ወደ ኋላ ጥለው ደመና ውስጥ ሲገቡ፣ ራጉኤል እንደ ልማዱ እጁን ወደ ጉልበቱ ሰደደ፤ ካርታ አልነበረም። በፊቱ ባለው መስታወት ላይ ግን ኮረብታው፣ ሸለቆው፣ ነፋሱ፣ የቀረው መንገድ፣ ሁሉም ተስሎ ይታይ ነበር። በአሮጌው አውሮፕላን እንዲህ ባለ ደመና ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተመለሱ ትዝ አለው። የሚያዝን መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ከሆዱ ሳቅ መጣበት፤ አፍኖ ሊያስቀረው ቢሞክር አልሆነለትም። ረዳት አብራሪው ዞር ብሎ አየው።

ደገሀቡር ሲደርሱ የጠጠሩ ማረፊያ ግማሹ ውሃ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር።

«ሻምበል፣ እዚህ ብዙ ጊዜ አርፈዋል። ከውሃው ወዲያ ያለው መሬት ይችለናል?»

ራጉኤል በመስኮቱ ወደ ታች አየ። ሚስቱ ከታች ናት። «አላውቅም፣ ሻለቃ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አሮጌው ቢሆን ግን ቦታው አይበቃውም ነበር።»

«ይህኛው ይበቃዋል፤ ጭቃውን እንየው» አለች። ዝቅ ብላ በላዩ አለፈች፤ የከተማው ሰዎች ግመሎቻቸውን እየነዱ ሜዳውን ለቀቁ፤ የግመሎቹ ዱካም ጥልቅ አለመሆኑን ረዳቷ አይቶ ነገራት። ዞራ መጣች። ጎማው ጠጠሩን ሲነካ ጭቃው መስኮቱን አለበሰው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እየጎተተ አገሳ፤ ሁሉም ወደ ፊት ተንገዳገዱ፤ ከዚያ አውሮፕላኑ ጸጥ ብሎ ቆመ። ፈርሂያ እጇን ከመሪው ስታነሣ ፊቷ ሁሉ ፈገግታ ነበር።

ድልድዩ ሲወርድ የመጀመሪያውን ካርቶን የተሸከመ ራጉኤል ነው። ሲስተር አገሬ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ በአህያ ጋሪ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

«ራጉ? አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? ይሄ ያ የተከራከርክበት አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«እና?»

«ተሳስቼ ነበር። ያዢ፣ ይከብዳል።»

ካርቶኑን ተቀብላ አየችው፤ ከዚያ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለማታ የሚሆን ሁለት ከረጢት ነበር የቀረን» አለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ተራ በተራ ከአገልግሎት ወጡ፤ ሻምበል ራጉኤልም ከልጆቹ እኩያዎች ጋር የጭነት ኃላፊነት ትምህርት ገብቶ ተፈተነ፤ ወድቆ ደገመ፤ አለፈም። አዲሶቹ በይፋ የተመረቁበትን ቀን ጋዜጦች ጽፈውታል፤ የሙዚቃ ጓድ ነበረ፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፉም ተሰቅሏል። የደገሀቡር በረራ በዚያ ውስጥ የለም። ታሪክ የሚያየው የተሰለፈውን ነውና፣ ከሰልፉ በፊት የተሠራው ሥራ አመለጠው፤ በዚያ ሳምንት ግሉኮስ የተተከለላቸው የደገሀቡር ሕፃናት ግን ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ማን እንዳመጣላቸውም የጠየቀ የለም።