የአረንጓዴው ጨርቅ ሰበብ

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ገና ከድልድዩ እግር ሳይሸሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ሰፊ አዳራሽ በሩን ሊከፍት ተሰናድቶ ነበር፤ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ኳስ በበትር እየገፉ የሚጫወቱበት፣ በከተማይቱ የመጀመሪያው የቢሊያርዶ ቤት ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር ትጥቁን ፈትቶ፣ ሥራ አጥቶ በየመንገዱ ሲንከራተት አረፍ ብሎ ያየውን የሚረሳበት ቦታ ይሻ ነበርና፣ ወሬው ከቤቱ ቀድሞ ተከፈተ።

የቤቱ እመቤት የሟቹ የጣቢያ ሹም ሚስት ነበረች። በዚያ ጠዋት ግን እንቁላሏን የምትጥልበት እንዳጣች ዶሮ ቁጭ ብድግ ትላለች፤ የተወለወለውን ወንበር እንደገና ትወለውላለች፤ የከፈተችውን መስኮት ዘግታ መልሳ ትከፍታለች። ያስጨነቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ቤት መጠጥ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? የከተማው ገዥ ሻለቃ ከሰዓት በኋላ መጥተው መልሷን ከአፏ ሊሰሙ ቀጥረዋል፤ ከመጠጥ የሚገኘው ቀረጥ ለአዲሱ የጦር ሰፈር ማሠሪያ ታስቧልና።

ሸሪኳ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ በየደቂቃው የኪስ ሰዓቱን ስለሚያወጣ ሰው ሁሉ «ባለ ሰዓቱ» ይለዋል። ጨዋታ ያለ መጠጥ ጨው የሌለው ምግብ ነው፣ ወታደር ውሃ እየጠጣ በትር ሲወዘውዝ አይውልም እያለ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዋን አደንቁሮታል፤ እምቢ ካለች ድርሻውን ይዞ እንደሚወጣም አልሸሸጋትም። ነገሩ እውነት እንዳለበት እርሷም አልካደችም።

ነገር ግን ታናሽ ወንድም አላት፤ አናጢ ነው። ከጦርነቱ ሙሉ አካሉን ይዞ ቢመለስም ከጠርሙስ ጋር ተቆራኝቶ፣ እጁ ሚስማር መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጠጥ ከተወ ገና ዓመት አልሞላውም። ጠረጴዛው ተፈታትቶ በባቡር ሲመጣ የገጠመው፣ የላዩን የድንጋይ ገበታ በውሃ ልክ ያስተካከለው፣ አረንጓዴውንም ጨርቅ አንዲት እጥፋት ሳያስቀር የወጠረው እርሱ ነው፤ ከእንግዲህም እዚያው እየዋለ በትር ሊጠግን ተስማምተዋል። መጠጥ ከገባ ይጠጣል፤ ይህን እንደ ስሟ ታውቃለች። በእርሱ ምክንያት አይገባም ብትል ደግሞ፣ እንደ ሕፃን የሚጠበቅ ሰው መሆኑን በሹም ፊት ሰምቶ፣ ያ ኩሩ ልቡ ተሰብሮ ጥሏት ይሄዳል፤ የሚሄደውም ወደ መሸታ ቤት ነው። ፈራች፤ በጦርነቱ ዓመታት እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

ሻለቃው ከጸሐፊያቸውና ከባለ ሰዓቱ ጋር ገቡ። ሻለቃው ከጠረጴዛው ላይ አንዷን ኳስ ገፋ አድርገው ቀጥ ብላ ስትሄድ ተደነቁ። ወንድሟ ከጥግ ቆሞ የበትር ጫፍ ላይ ቆዳ ያጣብቃል፤ ጆሮው ግን እነርሱ ዘንድ ነው።

«እንግዲህ እመቤቴ፣ ምን ቆረጡ?» አሉ ሻለቃው።

«ጌታዬ፣ መጠጥ አይገባም» አለች፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ በመዳፏ እየዳበሰች። «ይህ ጨርቅ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ቢደፋበት ሌላ ከየት አመጣለሁ? ከወታደሩ ጥም የጨርቄ ጤና ይበልጥብኛል።»

ሻለቃው ከት ብለው ሳቁ፤ ጸሐፊውም ሹሙ ስለሳቁ ሳቀ። ባለ ሰዓቱ ግን ሰዓቱን አየና ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ማዶ መጠጥ ያለበት የራሱን ቢሊያርዶ ቤት ከፈተ። ሰዉ ወደዚያ ጎረፈ፤ ለእርሷም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ተባለላት።

ከማዶ ሳቅና ጫጫታ በሚሰማበት አንድ ከሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ወንድሟ የሚጠግነውን በትር አስቀመጠ።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለጨርቁ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለጨርቁ ነዋ» አለች ዓይኗን ሳትሰብር። «አንተን ደግሞ ማን ከቁም ነገር ቆጠረህ?»

በመስኮቱ አሻግሮ ማዶውን አየ፤ ዞሮም እርሷን አየ።

«እንግዲያውስ ጨርቁ ዕድለኛ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። እርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አቧራ የሌለበትን መደርደሪያ ስትጠርግ ቆየች፤ እያለቀሰች ነበር።

የከተማይቱን ዜና መዋዕል ያሰናዱት ሰዎች የሹማምንቱን ማዕረግና የጦር ሰፈሩን ምረቃ በሰፊው ጽፈው፣ ለእርሷ የተረፋቸው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ለጨርቋ ሳስታ እንግዶቿን ያስጠማች ንፉግ ሴት ይላታል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እርሷ ግን ብቅል ባልገባበት ቤት ውስጥ ሆዷ ያባውን እንደያዘች አርጅታ ሞተች፤ የወጣላትንም ስም አላስተባበለችም። በዚያው ከተማ አንድ ሽማግሌ አናጢ የልጅ ልጆቹን አልጋ ሁሉ በገዛ እጁ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ መሥራቱን ግን ታሪክ ነው ብሎ የጻፈው የለም።