መርፌ የሚፈራው ልብስ ሰፊ

ከመለኪያው ክፍል መጋረጃ ጀርባ፣ ልጅቷ የደንብ ልብስ ሸሚዟን ወደ ላይ ሰብስባ ኢንሱሊኗን ልትወጋ ስትል፣ ከመጋረጃው ወዲያ አጎቷ ስለ እሷ ሲያወራ ሰማች። ለምሳ ከትምህርት ቤት የምትመጣው ወደ እሱ ስፌት ቤት ነው፤ ሳትወጋ ደግሞ አትበላም። መጋረጃው ውስጥ የምትገባው ወዳ አይደለም። «ደንበኛ ይደነግጣል» ብሎ ያዘዛት እሱ ነው።

«የእሷ ስኳር አንደኛው ነው፤ ክፉው» እያለ ነበር፣ ቀሚሷ ጠቦባት ለመጣች ነፍሰ ጡር ደንበኛ። «የኔ ሁለተኛው ነው፤ በኪኒን የሚያልፍ። ያንቺ የእርግዝናው ደግሞ እንግዳ ነው፤ ስትወልጂ ውልቅ ይላል።»

ሴትየዋ ሐኪሙ ከወሊድ በኋላም እየመጣሽ ተመርመሪ፣ ውሎ አድሮ ሁለተኛው ዓይነት ሊይዝሽ ይችላል እንዳላት ብትነግረው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እጁን አወናጨፈባት። እሱ ለስኳር በሽታም እንደ ገበርና እንደ ሱፍ ጨርቅ ደረጃ ያወጣለታል። ሐኪሞቹ «ዓይነት አንድ»፣ «ዓይነት ሁለት» ሲሉት የሰማው «አንደኛ ደረጃ»፣ «ሁለተኛ ደረጃ» ብሎ ነው።

ልጅቷ መርፌዋን በንዴት መልሳ ከደነችው። አጎቷን ትንቀዋለች፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» ትለዋለች፤ በሆዷ ግን «አንተ» ነው፣ ያውም «አንተ ሆዳም»። የእሷ ስኳር የመጣው ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነበር። ከበሽታ ሊጠብቃት የተፈጠረው የራሷ መከላከያ ቆሽቷን ጠላት መስሎት አጠቃው፤ ኢንሱሊን የሚያመርተው ክፍል አለቀ፣ በቃ። የበላችው ከረሜላ፣ የሠራችው ጥፋት የለም። እሱስ? ሻዩ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር ያማስላል። የክር መሳቢያው ውስጥ ብስኩት ይደብቃል፤ ፍርፋሪውን ከቁልፎቹ መሀል እየለቀመች የምታጸዳው እሷ ናት። የኔ ሳልጠራው መጣብኝ፣ የሱ ግን በልቶ ያመጣው ነው ትላለች ለራሷ።

ከሁሉም የሚያስቃት ግን ሌላ ነው። ኪኒኑ ብቻ አልበቃህም፣ ኢንሱሊን ጀምር ከተባለ ቆይቷል። እሱ ግን «መርፌ የጀመረ ሰው አበቃለት» ብሎ እምቢ አለ። ቀኑን ሙሉ መርፌ በከንፈሩ ይዞ የሚውል፣ በመርፌ ቤት የሠራና ልጆች ያሳደገ ሰው መርፌ ይፈራል።

ነፍሰ ጡሯ ስትወጣ ልጅቷ መጋረጃውን ገለጠችው። በሽታዬን የወሬ ማሟሟቂያ አያድርጉት ልትለው ተዘጋጅታለች። አጎቷ በካልሲው ብቻ ሆኖ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ወደ መደርደሪያው እየሄደ ነበር። አንድ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ሲሚንቶው ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ወደ ታች አየች። የእስፒል ራስ ከተረከዙ ሥር ብቅ ብሏል። እየረገጠው ይሄዳል። ፊቱ አልተኮሳተረም፤ እንዲያውም ያፏጫል።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥሎ ግን ስኳር እግርን እንደሚያደነዝዝ አስታውሳ ፈራች።

«ቁም» አለችው። «ጋሼ፣ እግርህን አንሳ።»

«አንተ» ማለቷን ሁለቱም ልብ አላሉትም። በርጩማ ላይ አስቀምጣው እስፒሉን ስትስበው እስከ መጨረሻው ገብቶ ኖሮ ረጅም ሆኖ ወጣ። ካልሲውን ስታወልቅለት ዙሪያው የቀላ፣ መሀሉ መግል የቋጠረ ቁስል አየች፤ ሽታው አፍንጫዋን መታው። እስፒሉ የዛሬ ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉ ግን የሰነበተ ነው። እሱ እግሩን የሰው እግር እንደሚያይ ያየዋል።

«አልተሰማኝም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማህ?»

እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናቷ እንዳትናገር ለመናት። እህቱ ከሰማች ሐኪም ቤት እንደምትጎትተው፣ እዚያ ደግሞ መርፌ ጀምር እንደሚሉት ያውቃል። እግሩን ሊያጣ እንደሚችል አላነሳም። የፈራው መርፌውን ነው።

እጇን በሳሙና ስትታጠብ ንቀቱ አልለቀቃትም፤ ብስኩቱንም አልረሳችም። ግን ሐኪሟ አንድ ቀን የነገራትና በአንድ ጆሮዋ ብቻ የሰማችው ነገር ትዝ አላት። ሁለተኛው ዓይነት የሆዳም በሽታ አይደለም ብሏት ነበር። ምግብና ውፍረት ያባብሱታል፤ ግን በዘርም በዕድሜም ይመጣል። ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት አልታዘዝም ይለዋል፣ ቆሽትም ሲለፋ ሲለፋ ይደክማል። አያቷ፣ የዚሁ የአጎቷ አባት፣ በዚሁ በሽታ አንድ እግራቸውን አጥተዋል። መርፌ የጀመሩት በመጨረሻ፣ ቁስሉ ከጠና በኋላ ነበር። ታዲያ አጎቷ መርፌውን የእግሩ ቆራጭ አድርጎ ቢያየው ምን ይገርማል። ቁጥሩን ደረጃ ያደረገውም እሱ ብቻ አልነበረም። እሷም አንደኛ ነኝ ብላ ከላይ ሆና ስታየው ኖራለች።

ወደ መጋረጃው አልተመለሰችም። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ሸሚዟን ሰበሰበችና ወጋች። እሱ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ከዚያ በአንዱ አጮልቆ አየ።

«ያማል?»

ምንም አይልም ልትለው ትችል ነበር።

«ይሰማል» አለችው።

ምሳዋን በልታ ጨረሰች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ደወለች፤ የጋሼ እግር ቆስሏል፣ ሐኪም ቤት እየሄድን ነው፣ እዚያ ነይ አለቻት። እሱ አጉረመረመ፣ ስልኩን ሊቀማት ግን አልተነሳም። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችለት። በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ «ዝግ ነው» ወደሚለው ገለበጠች። ጫማውን አንስታ ዘቅዝቃ ስታራግፈው አንዲት እስፒል ወለሉ ላይ ወደቀች። እጇን እስከ ጫፉ ድረስ ከታ ውስጡን ዳሰሰች፤ ሌላ የለም።

«አድርገው» አለችው።

«አንተ» ማለቷን አሁን ልብ ብሎታል። ጫማውን ግን ተቀበላት።