ግራጫው ካልሲ

ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ የፍቅር ታሪክ መጻፌ ሳያንስ፣ በታሪኩ ውስጥ ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ። ያሳፍራል። ግን ደብቄው ከምኖር ብናገረው ይሻለኛል።

ሚጣዬን፣ የልጅ ልጄን፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ትንሽ ሳለች ብርድ ሳንባዋን መትቷት ከሞት አፍ ነው የተመለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ መስኮት ካየሁ ልብ የለኝም። አድጋ ሥራ ስትይዝ፣ «እምዬ፣ መታጠቢያ ቤታችን ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ አየር ማስወጫ እናስገባ» አለችና ባለሙያ ጠራች።

ልጁ በማለዳ መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ሲለካ፣ ሚጣዬ መምጣቱን ሳታውቅ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ ወትፋ በሩን በረገደችው።

«ውይ!»

«ይቅርታ! እኔ... የአየሩ ነኝ» አለ፣ ሜትሩ ከእጁ ወድቆ።

«የምኑ?» አለች፣ ሳሙናው አገጯ ላይ እየወረደ።

«የአየሩ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በቤታችን «የአየሩ ልጅ» ሆነ።

ወረቀት ዘርግቶ ዕቅዱን አስረዳን። «እማማ፣ እርጥቡ ሞቃት አየር በዚህ የጣሪያ አፍ ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ የምንሰቅለው ሳጥን ውስጥ፣ ከውጭ ከሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ጋር ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። አይቀላቀሉም። ግን የሚወጣው ሙቀቱን ለሚገባው አስረክቦ ይሄዳል። የገባው ደግሞ መኝታ ቤቶቹን አዳርሶ፣ በበሩ ሥር ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሳባል። ስለዚህ በሩን ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ያህል እንቆርጠዋለን።»

«በር ተቆርጦ? ብርዱስ?» አልኩ።

«ሳይነካኩ እንዴት ይሞቃሉ?» አለች ሚጣዬ ደግሞ።

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ጆሮው ቀላ። «ይ... ይሞቃሉ» አለ።

ያኔ ነው የፈራሁት።

ሥራው አራት ቀን የሚፈጅ ነበር። እሱ ግን «ድምፁን ላዳምጥ»፣ «ማጣሪያውን ልይ» እያለ ሁለት ወር ተመላለሰ። ጫማውን አውልቆ የሚገባ ጨዋ ልጅ ነው። ሚጣዬም እሱ ሲመጣ የማትቀባው ሽቶ አልነበረም። ብዙም ሳይቆዩ ፍቅር ጀመሩ።

አንድ ቀን ታጥባ ስትወጣ አስነጠሳት። ሁለቴ! በቃ፣ ሥራ ስትሄድ ግራጫ የሱፍ ካልሲዬን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋሁ የጣሪያው አፍ ውስጥ ወተፍኩት። ክዳኑ ስለሚሸፍነው አይታይም። እውነቱን ልናገር፤ ሚጣዬን ይወስድብኛል ብዬ የፈራሁት ብርዱን ብቻ አልነበረም።

በሳምንታት ውስጥ ጣሪያው ሻጋታ አወጣ፤ ቀለሙ ተላጠ። ሚጣዬ ልጁን ጠራችው። ይመጣል ስባል ካልሲውን ስቤ አወጣሁና የሹራቤ ኪስ ውስጥ ደበቅኩት።

ልጁ ቁራጭ ወረቀት ወደ ማስወጫው አስጠጋ። ወረቀቱ ልጥፍ አለ።

«ይስባል» አለ። «ምናልባት... የሆነ ነገር ዘግቶት ነበር።»

«ማን ይዘጋዋል? እኔና እምዬ ብቻ ነን ያለነው። እምዬን ልትጠረጥር ነው?»

ክዳኑን ከፍቶ እጁን አስገባ። ጣቶቹ ላይ ግራጫ የሱፍ ክር ወጣ። ዓይኑ ወደ ሹራቤ ኪስ ሄደ፤ ለካ የካልሲው ተረከዝ ብቅ ብሏል! ቀስ ብሎ ክሩን በመዳፉ ጨበጠ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ። «ዕቅዱን አበላሽቻለሁ።»

«አሁን ይስባል አልክ፣ አሁን አበላሸሁ! የቱን ልመን? በሥራህ የምትዋሽ በፍቅርህ አትዋሽም?»

ቦርሳውን አንስቶ፣ «ደህና ይዋሉ፣ እማማ» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ምላሴን ውጬ ቆምኩ።

አምስት ቀን ሚጣዬ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። በስድስተኛው ቀን፣ «እምዬ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትይ የለ? እንኳን ሳይረፍድ ማንነቱን አወቅኩት» አለችኝ።

አልቻልኩም። ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ያ ልጅ እያወቀ ያልተናገረው ነገር ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ካልሲውን አየችው። እኔን አየችኝ።

«ሲሄድ ቆመሽ እያየሽ... እንዴት ዝም አልሽ?»

«አፈርኩ። ደግሞም... ጥለሽኝ ብትሄጂስ ብዬ።»

ፊቷን አዞረች። ከዚያ፣ «ተነሺ» አለችኝ። «አንቺው ራስሽ ትነግሪዋለሽ።»

በሥራ ቦታው ቱቦዎች መሃል አገኘነው። ጓደኞቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ያዩናል። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ቢሆንም ተናገርኩ።

«ልጄ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። እርስዎን ከማሳፈር እኔ ብወቀስ ይሻላል ብዬ ነው።»

«አንተ ሞኝ!» አለች ሚጣዬ እያለቀሰች። «እኔን ማጣትስ አልከበደህም?»

«ከበደኝ» አለ። «ክፉኛ ከበደኝ...»

ሳይነካኩ ይሞቃሉ ያለው ልጅ፣ ያን ቀን እጇን አጥብቆ ያዘ።

ባለፈው ወር ተጋቡ። ቤታቸው ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። ጣሪያዬን አጽድቶ ቀለም ከቀባልኝ በኋላ አንድ ጥቅል አቀበለኝ። ስፈታው አዲስ ግራጫ የሱፍ ካልሲ ነው።

«እማማ» አለ ሳቁን እየታገለ፣ «እነዚህ ለእግር ብቻ ናቸው።»

ሚጣዬ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ፊቴን በካልሲው ሸፍኜ።