ሊማሊሞ ላይ የፈሰሰ ኮረፌ

ላቀው ሞቶ የተገኘው የሊማሊሞ ቁልቁለት በሚጀምርበት፣ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በታች ካለው ገደል ሥር ነበር። ከጎኑ የተሰበረ ማሰሮ ወድቋል፤ ማሰሮው የያዘው ኮረፌ ዐለቱ ላይ ፈስሷል፤ በነጠላው ጫፍ ደግሞ በብር የተለበጡ ሁለት የቀንድ ዋንጫዎች ተቋጥረዋል። ከስሜን ቆላ ከዛሪማ ሽቅብ ሲወጣ ሬሳውን ያየው የጭነት መኪና ሾፌር ደባርቅ ገብቶ ለፖሊስ ሲናገር ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም።

መርማሪው መቶ አለቃ ታገኘ ገደሉን በጥንቃቄ ወርዶ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የሟቹ ጢም ላይ የኮረፌ ዝቃጭ ደርቋል። አንደኛው ዋንጫ ኮረፌ ኮረፌ ይሸታል፤ ሌላው ታጥቦ እንደተወለወለ ነው። ቁራዎች ዐለቱ ላይ የቀረውን ዝቃጭ እየለቀሙ ይጣሉ ነበር። ታገኘ ሳያባርራቸው ብዙ ተመለከታቸው፤ ጠግበው እንደ ልማዳቸው እየጮኹ ሲበሩ ጊዜ ተነሣ።

«ጠጥቷል» አለ።

አብሮት የወረደው የቀበሌ ሚሊሻ ራሱን ነቀነቀ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ላቀው እኮ እህል አይቀምስም።»

ይህን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አንድ ልጁ አሻግሬ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ኤርትራ በተጫነ ሰሞን ላቀው ጊዮርጊስ ደጅ ቆሞ ተስሏል፤ «ልጄ የስሜንን አፈር እስኪረግጥ እህል በአፌ አይገባም» ብሎ። ከዚያ ወዲያ እስከዚህ እስከ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ድረስ ምግቡ ድንችና ጎመን፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ጥቂት ወተት ሆነ። እንጀራውን መተው ብዙም አልከበደውም። የከበደው ኮረፌ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ተቆልቶ የሚጠመቀውን፣ ወፍራሙን፣ አረፋው ጢም የሚያነጣውን የደባርቅ ኮረፌ ላቀው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲወድደው የኖረ ሰው ነው። በቅሎ ነጂ ሳለ ዳባት ገበያ ውሎ ማታውኑ የሚመለሰው ለሚስቱ ብሎ ሳይሆን ለኮረፌው ነው እየተባለ ይታማ ነበር፤ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሐሜቱን የምታባብሰው ራሷ ነበረች።

በስለቱ መጀመሪያ ላይ የነፍስ አባቱን አባ ኪዳነ ማርያምን፣ ኮረፌ ይጠጣል እንጂ አይታኘክምና እህል ይባላል ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «ላቀው፣ ገብስ ጋን ውስጥ ስለገባ ክርስትና አልተነሣም፤ ስሙ ያው ገብስ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ከጓደኛው ከሽበሺ ጋር በለጠች ጠላ ቤት እየሄደ ውኃ ይዞ ይቀመጥ ጀመር። አንዳንድ ቀን የሽበሺን ዋንጫ ይቀበልና አሽትቶ ይመልሳል። ሰው «በአፍንጫው የሚሰክር» እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሰውነቱ ግን ከዓመት ዓመት እያለቀ ሄደ፤ ቀልዱም እየቀነሰ መጣ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ነገሩን ሳያመሽ ፈርዶ ጨረሰው። ላቀው በገዛ እጁ አይጠጣም፤ ስለዚህ መርዝ ያጠጣው ሰው አለ። ምግብ የምታቀርብለት የአሻግሬ ሚስት አልጣሽ ናት፤ ወጣት ናት፤ ባሏ ከሄደ ቆይቷል፤ ቤቱም ለእሷ ይቀራል። ደግሞም ሟቹ ከትከሻው የማይለየው ጥቁር የሱፍ በርኖስ የለም። አልጣሽን የቀበሌ እስር ቤት አስገባና በሚቀጥለው መኪና ለበለጠ ማጣራት ጎንደር እንድትላክ አዘዘ። በዚያ ዘመን ለበለጠ ማጣራት የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም። አባቷን አይታ የማታውቅ ትንሽ ልጅ አለቻት፤ እናቷም ከሄደች ሰው አይኖራትም።

ታገኘ መርዙን አላመነበትም፤ ቁራዎቹ ጠግበው ሲበሩ አይቷል። የጤና ጣቢያው ሰው ላቀው የሞተው አንገቱ ተሰብሮ ነው ብሎታል። ግን ሰው ተገፍቶም ይወድቃል።

አልጣሽን የእስር ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኛት። ለቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል። በሞቱ ዋዜማ እሷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ አማቷ ጢሙን ተከርክሞ፣ እግሩን ታጥቦ ልጅቷን አቅፎ ሲያሽኮረምም እንዳገኘችው ነገረችው። ድንቹን ብታቀርብለት አልበላም። ምን ተገኘ ብትለው፣ ነገ ትሰሚያለሽ ብሎ ሳቀ። ጎህ ሳይቀድ በሩ ሲከፈት ሰምታለች፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስም መስሏት ተኛች።

«በርኖሱስ?»

«ማታውኑ ከግድግዳው ላይ አልነበረም። ለሰው ሰጥቶት ይሆናል እንዳይሉኝ፣ አባባ ያንን አይሰጥም። አሻግሬ ሲዘምት እንኳ ለምኖ አላገኘውም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አሻግሬ ሲመጣ እኔ ነኝ የገደልኩት ይሉታል?» ብላ ጠየቀችው።

በለጠች ማሰሮውን ስታይ የቤቷ መሆኑን አልካደችም፤ ግን ዋዜማው የጊዮርጊስ ስለነበር ያልወሰደ የለም ብላ ተከራከረች። አባ ኪዳነ ማርያም ለማኅበሩ አስወስደዋል፤ ሽበሺ እንግዳ አለብኝ ብሎ ወስዷል፤ ሌሎችም ሌሎችም።

«ሽበሺ ወደ ቤቱ ይዞ የመሄድ ልማድ አለው?»

«የለውም። ግን ሰው እንግዳ ይመጣበት የለ?» አለችና፣ የሚጠረጥረው እሷን እንደሆነ ፈርታ ማልቀስ ጀመረች።

አባ ኪዳነ ማርያም የተቀበሉት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ታገኘ መስቀላቸውን ተሳልሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፤ የላቀው ስለት በምን ይፈታ ነበር?

«ልጁ ሲደርስ ይፈታል። ወይም መርዶው ሲመጣ። ሌላ መፍቻ የለውም፤ እኔም አልፈታውም።»

«አባ፣ ይህን ከእኔ በፊት መጥቶ የጠየቀዎት ሰው አለ?»

አባ መስቀላቸውን ወደ እጅጌያቸው መለሱ። «ንስሐ የሚባል ነገር አለ፣ ልጄ» አሉ። ለታገኘ ይህ በቂ ነበር።

ሽበሺ ደጃፉ ላይ በሳሳ ነጠላ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የስሜን ንፋስ በጥቅምት ለሽማግሌ አያዝንም። ታገኘ ስለ ላቀው ጠየቀው፤ ሽበሺ የወጣትነታቸውን እንጂ የሰሞኑን አላወራም። እንግዳው ደኅና ገብቶ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ «ቀረ» አለ በአጭሩ። ታገኘ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ። መደቡ ላይ የተጣለ ጆንያ አለ፤ ከጆንያው ሥር የጥቁር ሱፍ ጫፍ ወጥቷል። አይቶ እንዳላየ ሆኖ ተሰናበተው።

ቀጥሎ በሊማሊሞ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ወደሚፈትሸው ኬላ ወርዶ ከወታደሮቹ ጋር ሲጫወት ቆየ፤ በጨዋታው መሐል ሰሞኑን በሊማሊሞ የወጣ ጦር እንደሌለ አረጋገጠ። ሲመለስ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆኖለት ነበር፤ ምነው ባልሆነልኝም ብሎ ተመኘ። አልጣሽን ከእስር የሚያስፈታው እውነት ሌላ ምን ይዞ እንደሚመጣ ተረድቷል። ዝም ብሎ ቢያልፍ ደግሞ ነገ መኪናው ይወስዳታል። በሥራ ዘመኑ ሙያውን እንደዚያን ቀን ጠልቶት አያውቅም።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ሁሉንም ላቀው ቤት ሰበሰባቸው። ሊቀ መንበሩ አልጣሽን በሚሊሻ አስመጣት፤ አባ ኪዳነ ማርያም፣ በለጠችና ሽበሺ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጎረቤት ሴቶችም በሩ ላይ ቆመዋል። በዚያ አገር ሰው እህል ሳይቀምስ፣ በጎህ፣ ከበው የሚነግሩት ነገር አንድ ብቻ ነው። አልጣሽ ከደጃፉ ስትደርስ ቆመች።

«ለአባባ ከሆነ ትናንት ተለቀሰ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ በማለዳ የመጣችሁት ለማን ነው?»

አባ ኪዳነ ማርያም እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት። ታገኘ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እሷን ላለማየት ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሮ ጀመረ።

«ላቀው መርዝ አልጠጣም። ከዚያው ኮረፌ የለቀሙት ቁራዎች ደኅና ናቸው። ተገዶም አልጠጣም፤ ተገዶ የሚጠጣ ሰው ጢሙን አይከረከምም፣ እግሩን አይታጠብም። ወዶና ደስ ብሎት ነው የጠጣው።»

«ስለቱስ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ተፈትቶለታል። ስንት በዓል በውኃ ያሳለፈ ሰው ያን ዕለት የጠጣው ስለቱ ስለተፈታ ነው። የሚፈታው ደግሞ በልጁ መምጣት ወይም በመርዶው ነው። መርዶ የሰማ ሰው የልጅ ልጁን አቅፎ አይስቅም። አሻግሬ የስሜንን አፈር ረገጠ ያለው ሰው አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሁለት ዋንጫ ይዞ፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሊማሊሞ የሄደው። በአንደኛው ማታ ጠጥቶበታል፤ የተወለወለው የልጁ ነበር።»

«በርኖሱን የዘረፈውስ?»

«ዘራፊ በብር የተለበጠ ዋንጫ ትቶ አይሄድም። በርኖሱ ከማታው ጀምሮ ቤት አልነበረም። ሰው ለልጁ ያልሰጠውን ልብስ ከትከሻው አውልቆ የሚሰጠው ለማን ነው? የምሥራች ላለው ነው። የምሥራች ነጋሪ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ላቀውም ያለው እሱ ብቻ ነበር።»

ታገኘ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግን ሰሞኑን በሊማሊሞ የወጣ ጦር የለም። የምሥራቹ ውሸት ነበር። ነጋሪው ለአባት ነግሮ ለሚስት እንዳይነገር ያስጠነቀቀውም ለዚህ ነው፤ እሷን ዓይን ዓይኗን እያየ እንዲህ ያለ ውሸት ሊዋሽ አልቻለም። ለምን እንዳልቻለ እሱ ያውቃል። ያገኘውን በርኖስም ብርድ እያንቀጠቀጠው አልለበሰውም።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ሽበሺን ግን ያስወጣው ብቅል አልነበረም። ማንም ስሙን ሳይጠራው ተነሥቶ መሐል ቤት ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በክረምት አንድ ቁስለኛ ወታደር በአውቶቡስ ሲያልፍ ነገረኝ። አሻግሬ አጠገቡ ነው የወደቀው፤ እሱ ነው የቀበረው። መንግሥት ሳይናገር ሙሾ ያወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እኔም መርዶ ነጋሪ መሆን ከበደኝ። ላቀው ግን ለሞተ ልጅ ብሎ ዓይኔ እያየ ያልቅ ነበር። አባን ጠየቅኳቸው፤ መፍቻው ሁለት ነው አሉኝ። አንዱን ስፈራ ሌላውን ወሰድኩ። አሻግሬ ዛሪማ ደርሷል፣ ነገ ይገባል፣ የጦር ምስጢር ነውና ለማንም አትንገር አልኩት። ይጠጣል፣ ይበላል፣ ነፍሱ ትመለሳለች፤ ጦሩ ሳይገባ ወደ ኤርትራ ተመለሰ ብዬ በኋላ አታልለዋለሁ ብዬ ነበር። አልጣሽ ውኃ ወርዳ ሳለች አንድ ዋንጫ ነው አብረን የጠጣነው። በርኖሱን በገዛ እጁ አለበሰኝ፤ እምቢ ብል ይጠረጥራል። የቀረውን ኮረፌ ለልጄ ነው ብሎ ያዘ። ለማየት አላስችል ብሎት ጎህ ሳይቀድ ይነሣል ብዬ አላሰብኩም።»

የገፋው ሰው አልነበረም። በጨለማ፣ ውርጭ ባረጠበው ዐለት ላይ፣ ስንት ዓመት ያልጠጣ ባዶ ሆድና የከሳ እግር በቂ ነበሩ። ይህንንም ታገኘ በአጭሩ ተናገረ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና አልጣሽ ነፃ መሆኗን አስታወቀ፤ ሽበሺን ምን ማድረግ እንዳለበት ግን የገባው አይመስልም ነበር። ታገኘ፣ የእሱ ጉዳይ ከለቅሶው በኋላ ይታያል ብሎ ዘጋው።

አልጣሽ ነፃ ነሽ መባሏን የሰማች አትመስልም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እሷ መጠጋት ሲጀምሩ እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው፤ ዓይኗን ከሽበሺ አላነሣችም።

«አያ ሽበሺ፣ አባባ ሲሰማ ሳቀ?»

«ሳቀ» አለ ሽበሺ። «እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛም አልመሰለኝ።»

«አንድ ሌሊት ተደስቶ አደረ ማለት ነው» አለች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። «አያ ሽበሺ፣ ለእኔስ አንድ ሌሊት ቢዋሹኝ ምን ነበረበት?»