የአራጌ አውራ ጣት

«መብራት ነው የገደለው አልኩሽ! ስንቴ ልበለው?»

«መብራት የገደለው ሰው መዳፉ ይቃጠላል፣ ኮማንደር። ይሄ እንደ ሙሽራ መዳፍ ንጹሕ ነው።»

«ስሚኝ ኡሙልኸይር፣ መኪናው ከአቀስታ ተነስቷል። እንደደረሰ ጠጋኙን ሁዜይፋን ጭኜ ደሴ ነው የምሰደው። የጊታሩን አምፕሊፋየር የሠራው እሱ፣ ሽቦው ተልጦ ተገኘ፣ ምን ቀረ?»

«ሟቹን ማየት ቀረ።»

ኮማንደር ወልደ ሚካኤል ኮፍያውን አውልቆ መልሶ ደፋት። ሲናደድ ሌላ ሥራ የለውም። ዋና ሳጅን ኡሙልኸይር ግን ጎንበስ ብላለች። ጊታር መቺው አራጌ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ ማጅራቱ ከድንጋዩ ወለል ገጥሟል። ስቲል ጊታሩ ላዩ ላይ ነው። ይሄ ጊታር እንደሌላው አይታቀፍም፣ ጭን ላይ ይጋደማል። አንዱ እጅ ክሩ ላይ ብረት ያንሸራትታል፣ ሌላው ይመታል። ብረቱ፣ ከባጃጅ ዕቃ የተቆረጠችው፣ አራጌ ቀኝ እጅ ውስጥ ናት። ግራ አውራ ጣቱ ላይ ደግሞ ከቢጫ ጀሪካን የተሠራች መምቻ እንደ ቀለበት ጠልቃለች። ሳጅን ነካ ስታደርጋት ተወዛወዘች።

ቀኝ አውራ ጣቱን ገልብጣ አየች። ፀሐይ ያልነካው ነጭ ቀለበት አለበት። ከንፈሯን ነከሰች።

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ወርቂቱ ናት፣ ከገበያ ስትመለስ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«አላህ ያጽናሽ፣ ወርቂቱ። ሰሞኑን ምን ላይ ነበር የሚለፋው?»

«አውራ ጣቱ ላይ ነዋ። ተራው ጊታር ላይ አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር ዱም ዱም ያደርጋል፣ የቀሩት ጣቶች የባቲን ዜማ ይዘፍኑልሻል። እዚህኛው ላይ ግን ብረቱ ሁሉንም ክር ይጫናል። ዜማው ሲንሸራተት ቤዙም አብሮ ይንሸራተታል፣ እንደ ሰካራም። ስድስት ወር አበደብኝ! ወጥ ቀርቦለት በአውራ ጣቱ ገበታውን ይደበድባል።»

«ተሳካለት?»

«ባለፈው ሳምንት። ብረቱን አዘነበለና ጫፉን ብቻ ቀጫጭኖቹ ላይ አሳረፈ። ወፍራሞቹ ለአውራ ጣት ነፃ ቀሩ። ወላሂ፣ ወንድ ልጅ እንደወለደ ነው የጮኸ።»

«ተማሪ አለው አሉ። እንዴት ነው የሚያስተምረው?»

«ፊት ለፊቱ አስቀምጦ። ልጁ ሲመታ ግን እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። ‹ዓይን ያታልላል፣ እኔ በጆሮዬ ነው የማይ› ይላል።»

ሁዜይፋ ካቴናው እጁ ላይ ሆኖ በሩ ጋ ቆሟል።

«እታለም ሳጅን፣ የእኔ አምፕሊፋየር ዝንብ አይገድልም። ድምፅ እንኳ በልመና ነው የሚያወጣ።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ባጃጅ ስጠግን። ምስክሬ ባጃጁ ነው፣ እስካሁን አልተነሣም።»

«አትቀልድ። ልትታሰር ነው።»

«ታስሬያለሁኮ።»

ሦስተኛው አሻግሬ ነው፣ ተማሪው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ከወግዲ እየተመላለሰ ነው የተማረ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጠዋት መጥቼ ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ፣ ሌላ የለም።»

«አራጌን ደሴ ያለ ባንድ ጠርቶታል አሉ። አንድ ሰው ይዞ ሊሄድ ነበር፣ አይደል? አንተን ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ሁለት ዓመት ተመላልሰህ እንጃ?»

አሻግሬ አውራ ጣቱን አየ።

«በቃ!» አለ ኮማንደሩ። «መኪናው ገባ። ጡሩንባው አይሰማሽም?»

«አምስት ደቂቃ፣ ኮማንደር። ሁላችሁም ወደዚህ ጠጋ በሉ።» ጊታሩን አስወጥታ ወንበር አስቀመጠች። «አራጌ እንዴት እንደሚመታ በየተራ አሳዩኝ።»

«አሁን ዘፈን አማረሽ?» ኮፍያው ወረደች።

ወርቂቱ እያለቀሰች ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋደመች። ብረቱ በግራ፣ መምቻዋ በቀኝ። ሁዜይፋም ካቴናው ተፈትቶለት ልክ እንደዚያው አደረገ። አሻግሬ ተቀመጠ። የጊታሩን አንገት ወደ ቀኝ አዞረ፣ ብረቱን በቀኝ ያዘ፣ መምቻዋን ግራ አውራ ጣቱ ላይ አጠለቀ።

«መምቻዋ በቀኝ አውራ ጣቱ ልክ በፈላ ውኃ የተጠመዘዘች ናት» አለች ሳጅን። «ምልክቷ አሁንም ቀኙ ላይ አለ። እኛ ግን ግራው ላይ፣ ስትወዛወዝ አገኘናት። እንግዲህ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ነው ያጠለቀለት። ብረቱንም በተሳሳተው እጅ ያስያዘው፣ ሽቦውንም የላጠው ያው ሰው ነው። መብራት ገደለው እንድንል፣ ጥፋቱ ሁዜይፋ ላይ እንዲያርፍ። ታዲያ አራጌን በግራው የሚመታ አስመስሎ የሚያስቀምጠው ማን ነው? ወርቂቱ በቀኙ እንደሚመታ ታውቃለች፣ ሁዜይፋም ያውቃል፣ አሁን አያችሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ እንደ መስታወት የቀዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ቀኙን ሲያነሣ አንተ በትይዩ ያለውን ግራህን ታነሣለህ። አይደለም አሻግሬ?»

ብረቷ ከእጁ ወደቀች።

«‹አውራ ጣትህ ሞቷል፣ ወደ ወግዲህ ግባ፣ ሁዜይፋን ይዤ እሄዳለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም፣ ገፋሁት ብቻ! ድንጋዩ...»

«ጣትህኮ አልሞተም» አለች ኡሙልኸይር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጊታሩን ገልብጠህ ነው የያዝከው። ወፍራሙ ክር ማዶ ሄዶብህ አውራ ጣትህ ሁለት ዓመት ቀጭኑን ሲመታ ኖረ። በዚያ አያያዝ ማንም ቤዝ አያወጣም።»

አሻግሬ ጊታሩን አየ፣ እጆቹን አየ። ከዚያ ጮኸ።

«ሁለት ዓመት! እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

ኮማንደሩ ኮፍያውን መልሶ መድፋት ረሳ። ሁዜይፋ የካቴናውን ምልክት እያሻሸ ነበር።

«እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ» አለ። «ስትመታ ስለምታስቀኝ ነው ዝም ያልኩ።»