የአያት ሆልገር ዘፈን

ቲልደ ለሦስተኛ ጊዜ ስትነካውም የዘፈኑ ፋይል አልከፈት አላት። «ይህን የሚከፍት ፕሮግራም የለም» ይላል ኮምፒውተሩ። ትናንት «አሁኑኑ አሻሽል» እያለ ሲነዘንዛት፣ ዝም ለማሰኘት ብላ እሺ ብላው ነበር። አባቷ «እኔ ሳልኖር እንዳትነኪው፣ የቆዩትን ፕሮግራሞች ይበላቸዋል» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። እውነትም ጠራርጎ በላቸው። መጻፊያው የለም፣ የሒሳብ ሰንጠረዡም የለም፤ በቦታቸው ማንም ያልጠራው የአየር ሁኔታ ሥዕል ተጎልቷል።

ነገ አያቷ ሆልገር ሰባ ዓመት ይሞላቸዋል። እንደ አገራቸው ልማድ፣ ዘመድ በታወቀ ዜማ ባለልደቱን የሚያሽሟጥጥ ዘፈን ይጽፋል፣ ወረቀቱ ለእያንዳንዱ እንግዳ ይታደላል፣ ማዕዱን የከበበው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። የዘንድሮውን ቲልደና አባቷ በስልክ እየተሳሳቁ ነው የጻፉት፤ እሱ ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን እየጠገነ፣ እሷ ወጥ ቤት ተቀምጣ። የዕረፍት ተራው ስላልደረሰ ነገ አይመጣም። «እኔ ባልኖር እንኳ ግጥሜ ይኑር» ብሏታል።

እናቷ እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። ቤቱ ጭር ብሏል። ከዚህ ጣጣ የሚያወጣት አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፤ ከሦስት ቤት በኋላ ያለችውን ኢበንን። ከኢበን ጋር ግን ከግንቦት ጀምሮ አልተነጋገሩም።

በግንቦት የክፍላቸው ልጆች ቤተ ክርስቲያን የማጽኛ በዓላቸውን፣ በሕፃንነት የተጠመቁት እምነታቸውን በራሳቸው አፍ የሚያጸኑበትን፣ አከበሩ። የቲልደ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ስለማይሄድ እሷ አላከበረችም። በማግስቱ ሰኞ፣ ሰማያዊ ሰኞ በሚሉት ቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቀርተው አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ከተማ ሊዝናኑ ወጡ። ኢበን «ባታከብሪስ ምን አለበት? ነይ» ብላት ነበር። ቲልደ «አሞኛል» አለች፤ ሲሄዱ በመስኮት አየቻቸው፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ሆና የላኩትን ፎቶ ስታይ ዋለች። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ኢበንን ማነጋገር አፈረች።

ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። «ኮምፒውተሩ ጉድ ሠራኝ። ትመጪያለሽ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «አሻሻልሽው እንዴ? አይ አንቺ! መጣሁ።»

ኢበን የብስክሌት ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ፋይሉ እኮ አልጠፋም፣ የጠፋው መክፈቻው ነው። ነጻ የሆነ የቢሮ ፕሮግራም አለ፣ እሱን እንጭንበታለን።»

መጫኛው ቀስ እያለ ይሄዳል። ሁለቱም እሱን ብቻ አፍጥጠው ያያሉ፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ቲልደ ብቻዋን ከነበረችበት ይልቅ አሁን ብቸኝነቱ ባሰባት።

በመጨረሻ ፋይሉ ተከፈተ። ስንኞቹ ተዘበራርቀዋል፣ ግን አንድም አልጎደለም። ኢበን እያስተካከለች ስታነብ ሳቋ አመለጣት። «ፀሐይ ጠልቃ ባንዲራውን አላወረደም ብለው ጎረቤታቸውን ሲቆጡ አምሽተው፣ የራሳቸው ሲውለበለብ አደረ? አያትሽ ይህን ሲሰሙ አይለቁሽም!»

«የአባዬ ስንኝ ነው።»

«ጎበዝ ነዎት ብላለች በያቸው።» ኢበን ተነሣች። «በይ ልሂድ። መልካም በዓል።»

«ኢበን…» አለች ቲልደ። «ያን ሰኞ አላመመኝም ነበር።»

ኢበን የጃኬቷን ዚፕ ያዝ አደረገች። «አውቃለሁ። በቤታችሁ በኩል ስናልፍ መስኮት ላይ ቆመሽ አየሁሽ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ! አስጠበቅሽኝ እኮ፣ ደረቅ።» ፈገግ እንደማለት ብላ ጫማዋን ልታስር ወደ በሩ ሄደች።

ቲልደ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ስንት ቅጂ እንደሚታተም ይጠይቃል። እንግዶቹ አሥራ ስምንት ናቸው። አንድ እንግዳ እንደጨመረች አያት ሆልገርን ማታ ትነግራቸዋለች፤ እምቢ አይሉም። አሥራ ስምንትን አጥፍታ አሥራ ዘጠኝ ጻፈች።

«ኢበን፣ ቆዪ እስቲ» አለች፣ ፕሪንተሩ መንጓጓት ሲጀምር።