ግንቡ ጋ ያልደረሰው ጸሎት

ጋሽ ባሩክ ጀርመን አገር ቦርንሃይም ካለው ቤታቸው፣ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቀው ሞቱ። ጠረጴዛቸው ላይ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተገኘ፤ «አምላኬ ሆይ፣ ደክሞኛልና ወደ አንተ ውሰደኝ» ይላል። ፖሊሶቹ ራሳቸውን አጠፉ ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም። መርማሪዋ ሕሊና ግን ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛ ቆየች። ጥፍር እስኪያክል ታጥፎ የኖረ ነው፤ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል።

ልጃቸው ኢየሩስ እንባ እንኳ አልወጣትም። ወር ሙሉ ሳልጠይቀው እኔው ገደልኩት እያለች ራሷን ትበላለች። ራሱን ያጠፋ ነው ተብሎ ከወገኖቹ መቃብር እንዳይለዩብኝ ብላም ፈርታለች። ሰውዬው የጎንደር ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በልጅነታቸው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ሲጸልዩ ነው ያደጉት። ሮማውያን መቅደሱን ሲያፈርሱ የተረፈውን የምዕራቡን ግንብ፣ አይሁድ ስንት ዘመን ያለቀሱበትን፣ ሳያዩት ቀሩ። ልባቸው ታሞ አውሮፕላን ተከልክለው ነበርና አንድ ጊዜ ብቻ ጸሎት ጽፈው በሰው ላኩ።

ጎረቤታቸው ውብነሽ ደግሞ ከሞታቸው በፊት በነበረው ቀን ያሏትን ተናገረች። በደርግ ጊዜ ወንድሜን ማን እንዳስያዘው ደረስኩበት፣ ነገ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ ብለዋት ነበር። ስም ግን አልጠሩም።

የአርባ ዓመት ወዳጃቸው አቶ እንዳሻው ያን ቀን ሐኪም ጋ የቀጠሮ ቴርሚን ነበረኝ፣ ቤቱን አልረገጥኩም አሉ። ጸሎቱን ይዘው የሄዱት እሳቸው ናቸው።

«ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ስሄድ ሰጠኝ፤ በገዛ እጄ ድንጋዩ መሃል ሸጎጥኩለት።»

«ምን እንደጻፉ ያውቃሉ?»

«የሰው ጸሎት ይነበባል እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

በማግስቱ ሕሊና ሦስቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሊሞት የቆረጠ ሰው የስንብት ወረቀቱን እንዲህ አያጥፍም» አለች። «እንዲህ የሚታጠፈው ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሊገባ ነው። እዚያ የገባ ደግሞ አይመለስም፤ በየጊዜው ተሰብስቦ እዚያው ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ይቀበራል። ጋሽ ባሩክ አንድ ጸሎት ላኩ፤ ለእርስዎ ሰጡ። ታዲያ ጋሽ እንዳሻው፣ ይሄን ወረቀት እዚህ ማን አመጣው?»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ስሜን ጽፎ ከሰሰኝ ብዬ ከፈትኩት» አሉ በመጨረሻ። «ስሜ ግን የለበትም። ካነበብኩት በኋላ ድንጋዩ ጋ መቅረብ ፈራሁ፤ ኪሴ ቀረ። ያን ቀን ወንድሜን ለምን አስያዝከው አለኝ። ከበረንዳው ገፋሁትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።»

ኢየሩስ ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም። ዓይኗ ሕሊና ላይ ነበር።

«ራሱን አላጠፋም?»

«አላጠፉም።»

ኢየሩስ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አባቷን እንደ ወጉ አለቀሰችላቸው።